በአንድ ቁና የማይሰፈሩ ጀልባዎች

ሂስ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ልብ ወለድ፣ ወደ ግጥምና ወደ ተውኔት ይሮጣል፤ ቢበዛ ሥዕልና ዘፈን ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ሰዎች ተሰብስበው ሕግ አውጥተው፣ መመዘኛ ቆርጠው፣ “ይህ በለጠ፤ ያ አነሰ” የሚሉበት መድረክ ሁሉ የሂስ መድረክ ነው። መዛኙም በተራው መመዘን አለበት። ዛሬ ለመመዘን የመረጥኩት መዛኝ የሚገኘው ሩቅ አገር ነው፤ በእንግሊዝ የጀልባ ክለቦች በብርዱ ወራት የሚካሄደው የትናንሽ ካታማራኖች ውድድርና ውድድሩ የሚዳኝበት የቁጥር ሥርዓት ነው። አንባቢ “የባሕር በር የሌለው አገር ሰው በጀልባ እሽቅድምድም ምን አገባው?” ቢል አልቀየምም። ጀልባውን ለባለቤቶቹ ልንተውላቸው እንችላለን። እኩል ያልሆኑትን እንዴት አድርገን በእኩል እንዳኛለን የሚለው ጥያቄ ግን የእኛም ነው።

ቃሉና ዕቃው

በቅድሚያ “ክረምት” የሚለውን ቃል ከስሕተት እናድነው። እኛ ክረምት ስንል የሚታየን ሰኔ ግም ብሎ ሲገባ፣ ሐምሌና ነሐሴ በዝናብ ሲጠቁሩ፣ ወንዙ አላሻግር ሲል ነው። የፈረንጆቹ ክረምት ግን በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር እስከ የካቲት ይውላል፤ ይኸውም እኛ አዝመራ ሰብስበን፣ ጥምቀትን በጠራ ሰማይ የምናከብርበት በጋችን ነው። ተርጓሚዎቻችን ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚጠሯቸው አንባቢው የራሱን ዝናብ ይዞ ወደ ሰው በረዶ ይገባል። በዚያ ክረምት፣ በታኅሣሥ፣ በደቡብ እንግሊዝ የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት ቢሞላ ነው። የሐይቁ ውኃ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። አንዳንድ ጠዋት ጀልባው ላይ ያደረው ጤዛ በረዶ ሆኖ ገመዱን እንደ እንጨት ያደርቀዋል።

“ካታማራን” የሚለው ቃል ደግሞ የእንግሊዝ አይደለም። ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም የታሰረ እንጨት ማለት ነው። ጣና ላይ ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ጀልባ ግን ሌላ ነው። ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች (ቀፎ የምለው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን የጀልባውን ገላ ነው) ጎን ለጎን ሆነው በአሉሚኒየም ዘንግ ይያያዛሉ። በመካከላቸው ጠንካራ ጨርቅ ተወጥሮ እንደ ወለል ያገለግላል፤ ከላዩ ረጅም ምሰሶና ሸራ ይቆማል። ሐሳቡ ከፖሊኔዥያ ደሴቶች ሕዝቦች የተገኘ ነው፤ እነሱ በባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ታላቁን ውቅያኖስ ሲያቋርጡ አውሮፓ ገና ስለ እነሱ አልሰማችም ነበር።

በክለቦቹ ዘንድ ከሚታወቁት ትናንሽ ካታማራኖች መካከል በሮድኒ ማርች የተነደፉት ዳርት 18 እና ስፕሪንት 15፣ እንዲሁም ካሊፎርኒያዊው ሆቢ ኦልተር ያወጣት ሆቢ 16 ይገኛሉ። ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር ርዝመታቸውን በጫማ (በፊት) የሚናገር ሲሆን 18 ጫማ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ክብደታቸው ከአንድ መቶ እስከ አንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰው ገፍቶ ውኃ ያስገባቸዋል። ነፋሱ ሲበረታ አንደኛው ቀፎ ከውኃው ይነሣል። በዚያን ጊዜ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ከምሰሶው በወረደ ሽቦ ወገቡን አስሮ፣ ከጀልባው ጠርዝ ውጪ ቆሞ፣ ገላውን ለሚዛን ይዘረጋል። የስፖርቱ ደስታም አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ያሸነፈችው ስትባረር

በ1876 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ የነፃነቷን መቶኛ ዓመት ስታከብር በኒው ዮርክ የጀልባ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ናትናኤል ሄረሾፍ የተባለ የ28 ዓመት መሐንዲስ “አማሪሊስ” ብሎ የሰየማትን ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ይዞ ቀረበ። አማሪሊስ ከተወዳደሯት ጀልባዎች ሁሉ ቀድማ ገባች። ተሸናፊዎቹ አቤት አሉ፤ አቤቱታቸውም በአነዳዷ ላይ ሳይሆን በአፈጣጠሯ ላይ ነበር። በመጨረሻ ከውጤት ተሰረዘች። ሄረሾፍ በ1877 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ይሁንና የታወቀበት ሥራ ለአሜሪካ ዋንጫ የነደፋቸው ባለ አንድ ቀፎ ጀልባዎች ናቸው። ካታማራን ግን ለብዙ ዓመታት ከክለቦቹ ደጅ ቆመ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። በአንድ መድረክ ላይ ከተለመደው ወጣ ያለ ሥራ ሲቀርብ ዳኞች ሁለት ምርጫ አላቸው፤ አንደኛው “ከእኛ ወገን አይደለህም” ብሎ ማባረር ነው። ሁለተኛው መመዘኛውን አስፍቶ ማስገባት ነው። የ1876ቱ ዳኞች የመጀመሪያውን መረጡ። በሥነ ጽሑፋችንም ግጥም ቤት ካልመታ ግጥም አይደለም፣ ልብ ወለድ መጀመሪያና መጨረሻ ከሌለው ልብ ወለድ አይደለም እየተባለ ስንቱ አማሪሊስ ከመዝገብ እንደተሰረዘ አንባቢ ያውቀዋል።

በሃምሳዎቹ ዓመታት በኤሴክስ፣ በካንቪ ደሴት፣ ሮላንድና ፍራንሲስ ፕራውት የተባሉ ወንድማማቾች ካታማራኑን ወደ እንግሊዝ ክለቦች መለሱት። ወንድማማቾቹ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በካያክ የተወዳደሩ ቀዛፊዎች ነበሩ፤ ሁለት ካያክ ጎን ለጎን አያይዘው ሸራ በመስቀል ጀመሩ፣ ከዚያም “ሺርዋተር” የተባለችው ጀልባ ተወለደች። በ1967 ሮድኒ ማርች “ቶርኔዶ”ን ነደፈ። ቶርኔዶ በ1976 ኦሊምፒክ ገባች፤ የመጀመሪያውን ወርቅ የወሰዱትም እንግሊዛውያኑ ሬግ ኋይትና ጆን ኦስቦርን ናቸው። ከ2008 በኋላ ቶርኔዶ ወጣች፤ በ2012 የለንደኑ ኦሊምፒክ ያለ ካታማራን አለፈ። በ2016 ደግሞ አንድ ሴትና አንድ ወንድ አብረው የሚነዷት ናክራ 17 ገባች። ይህ መግባትና መውጣት አንድ ነገር ይነግረናል፤ ካታማራን እስከ ዛሬ ድረስ ከተቀበሉት በኋላም ቢሆን “ይቆይ ወይስ ይውጣ?” እየተባለ የሚመከርበት እንግዳ ነው።

ቁጥሩ ሲዳኝ

ክለብ ኦሊምፒክ አይደለም። በአንድ የክረምት እሑድ አንድ ዓይነት ጀልባ ሃያና ሠላሳ ሆኖ አይመጣም። ሁለት ዳርት 18፣ አንዲት ሆቢ 16፣ አምስት ሌዘር፣ ሦስት ሌሎች ይመጣሉ። ፈጣኑና ዘገምተኛው አብረው ይነሣሉ፤ ፈጣኑ ቀድሞ እንደሚገባ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ ማን አሸነፈ? ለዚህ የተበጀው መልስ “የፖርትስማውዝ መለኪያ” ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፖርትስማውዝ አካባቢ ተጀምሮ በመላ እንግሊዝ የተስፋፋ ሥርዓት ነው። ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጀልባው ፈጣን ነው። ጀልባው የወሰደበት ጊዜ በአንድ ሺሕ ተባዝቶ ለቁጥሩ ሲካፈል “የታረመ ሰዓት” ይገኛል። አሸናፊው የታረመ ሰዓቱ ያነሰለት ነው።

በምሳሌ እንየው። ለስሌት እንዲመች የተጠጋጋ ቁጥር እንያዝ፤ የዳርት 18 ቁጥር 830፣ የሌዘር 1100 ይሁን። ዳርቷ ውድድሩን በ46 ደቂቃ ጨረሰች እንበል። ሌዘሯ ከ14 ደቂቃ በኋላ፣ በ60 ደቂቃ ገባች። የዳርቷ የታረመ ሰዓት 55 ደቂቃ ከ25 ሰኮንድ፣ የሌዘሯ 54 ደቂቃ ከ33 ሰኮንድ ይሆናል። አሸናፊዋ ሌዘር ናት። የዳርቷ ሰዎች ጀልባቸውን ጎትተው፣ እርጥቡን ልብስ አውልቀው፣ ሻይ ይዘው በመስኮት ሲመለከቱ ያሸነፈቻቸው ጀልባ ገና ውኃ ላይ ነበረች። ለማያውቅ ሰው ይህ ቧልት ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የዳኝነት ሐሳብ በስፖርት ውስጥ ብዙ አላየሁም። “ከማን ቀደምክ?” የሚለውን ትቶ “ከአንተ ከሚጠበቀው ምን ያህል ሄድክ?” ብሎ ይጠይቃልና።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ። የፖርትስማውዙ ውጤትን አይቶ የሚፈርድ ነው፤ ክለቦች የውድድር ውጤታቸውን ይልካሉ፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጀልባ ማኅበር ይሰበስባል፣ ቁጥሩም በየዓመቱ ይታደሳል። ጀልባው ለምን እንደሚፈጥን አይጠይቅም፤ መፍጠኑን ብቻ ያያል። ሁለተኛው ለትናንሽ ካታማራኖች ብቻ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ይህኛው ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ የሸራውን ስፋት፣ የተሳፋሪዎቹን ብዛትና የመሳሰለውን ለክቶ በቀመር ቁጥር ያወጣል። ውጤቱን ሳይሆን አሠራሩን ይመረምራል ማለት ነው።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። አንዱ ሃያሲ “መጽሐፉ በአንባቢ ላይ ምን አደረገ?” ይላል፤ ሌላው “እንዴት ተሠራ?” ይላል። የመጀመሪያው ሥራው ሳይገባው የሕዝቡን ጭብጨባ ሊቆጥር ይችላል። ሁለተኛው የቤት አመታቱን ቆጥሮ፣ ስንኙን ሰፍሮ፣ ግጥሙ ነፍስ ይኑረው አይኑረው ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ሁለቱም ብቻቸውን ጎዶሎ ናቸው። ጀልበኞቹ ሁለቱንም ይዘው መቆየታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ብርዱ ሲፈትነው

የፖርትስማውዙ ቁጥር የአማካይ ልጅ ነው። በደካማ ነፋስና በብርቱ ነፋስ፣ በባሕርና በሐይቅ፣ በፀሐይና በብርድ የተገኘው ሁሉ ተጨፍልቆ አንድ ቁጥር ይወጣዋል። የክረምት እሑድ ግን አማካይ አይደለም፤ ካታማራንም አማካይ የሚወድ ጀልባ አይደለም።

ነፋሱ ሲደክም ሁለት ቀፎ መያዝ ዕዳ ነው። ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ውኃ የሚነካው ገላዋ ብዙ ስለሆነ ውኃው ይይዛታል። ነፋሱ ሲነሣ አንዱ ቀፎ ከውኃ ይላቀቅና ያው ጀልባ በድንገት ሌላ ፍጡር ትሆናለች። ባለ አንድ ቀፎዋ ሌዘር እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት የላትም። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ሁለቱን ማመዛዘን አንዱን ሰው በሚጾምበት ቀንም በሚበላበት ቀንም በአንድ እንጀራ እንደ መገመት ነው። በጸጥተኛ እሑድ የካታማራኑ ነጂ ጥፋት ሳይኖርበት ይሸነፋል፤ በነፋሻማው እሑድ ደግሞ ትጋቱ ሳይጨምር ያሸንፋል።

ቦታውም አለ። በበጋቸው ባሕር ዳር የሚውሉት ካታማራኖች በክረምት የሚሰበሰቡት በአብዛኛው በመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ ሐይቆች ላይ ነው። ከለንደን በስተ ምዕራብ ያለው የኩዊን ሜሪ ማጠራቀሚያና በኬምብሪጅሻየር የሚገኘው ግራፍሃም ለዚህ የታወቁ ናቸው። የኩዊን ሜሪው ውኃ ዙሪያውን በግድብ ተከቦ ከሜዳው ከፍ ያለ ነው። በሐይቅ ላይ ምልክቶቹ ይቀራረባሉ፤ ጀልባው ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት። ካታማራን ደግሞ ዙር አይወድም። ሰፊና ቀላል ስለሆነ አፍንጫውን ወደ ነፋስ ሲያዞር ኃይሉ ያልቅና መካከል ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ባሕር ላይ አንድ ጊዜ የሚከፍለውን ዋጋ ሐይቅ ላይ ዐሥር ጊዜ ይከፍላል።

በዚህ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። በ5 ዲግሪ ያለ አየር በ25 ዲግሪ ካለው በመቶ ሰባት ያህል ይበልጥ የታመቀ ነው። በነፋስ መለኪያው ላይ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሸራውን የሚገፋው ኃይል ግን ከበጋው ይበልጣል ማለት ነው። ጓንት ያደረገ እጅ ገመድ ለመልቀቅ ይዘገያል። ይህ ሁሉ በቁጥሩ ውስጥ የለም።

ክለቦቹ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ያገኟቸው መፍትሔዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ካታማራኖችን ለብቻ ማስነሣትና ለብቻ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው አንድ ዓይነት ጀልባ ብቻ ማወዳደር ነው፤ የስፕሪንት 15 ነጂዎች በየሐይቁ እየዞሩ የሚያካሂዱት የክረምት ዋንጫ እንዲህ ያለ ነው። ቁጥር አያስፈልግም፤ የቀደመ ቀደመ ነው። ንጹሕ ዳኝነት ነው፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይመልሰውም፣ ይሸሸዋል። ቅኔን ከቅኔ ጋር ብቻ እናወዳድር እንደ ማለት ነው። ሦስት ካታማራን ብቻ ላለው ትንሽ ክለብም አይሆንም።

ሦስተኛው “የማሳደድ ውድድር” ነው፤ በኩዊን ሜሪ በየዓመቱ በጥር ወር የሚደረገው “ብለዲ ሜሪ” የተባለው ውድድር የታወቀው በዚህ ሥርዓት ነው። ዘገምተኛው መጀመሪያ ይነሣል፤ ፈጣኑ በቁጥሩ ልክ ዘግይቶ ይከተላል። የተወሰነው ሰዓት ሲያበቃ ከፊት የተገኘ አሸናፊ ነው። እንደ ተውኔት ከተመለከትነው ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ተመልካቹ በዐይኑ ያያል፣ ልብ ይሰቀላል፣ ሻይ ይዞ በመስኮት የሚጠብቅ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ሆኖም ቁጥሩ አልጠፋም፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተዛወረ እንጂ። ነፋሱ ገና ሳይታወቅ ፍርዱ ተጽፏል።

የውጤት ሰሌዳው ሲነበብ

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ አንድ ወረቀት ነው፤ የውጤት ሰሌዳ። እንደ ድርሰት ላንብበው። ዓምዶቹ የነጂውና የረዳቱ ስም፣ የጀልባው ዓይነት፣ የሸራ ቁጥር፣ መለኪያው፣ የወሰደው ጊዜ፣ የታረመው ሰዓት፣ ነጥብ ናቸው። ነጥቡ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንደኛ የወጣ 1፣ ሁለተኛ 2 ያገኛል፤ በተከታታዩ ውድድር መጨረሻ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ከቁጥሮቹ መካከል እንግዳ የሚመስሉ ሦስት ሦስት ፊደላት አሉ። “ኦ.ሲ.ኤስ.” ሲል ከምልክቱ በፊት ቸኩሎ የተነሣ ማለት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። “ዲ.ኤን.ኤፍ.” ጀምሮ ያልጨረሰ ነው። “ዲ.ኤን.ሲ.” ከነጭራሹ ያልመጣ ነው፤ ያልመጣ ሰው በተከታታዩ ከተመዘገቡት ሁሉ ብዛት አንድ የበለጠ ነጥብ ይሸከማል።

የክረምት ሰሌዳ በዲ.ኤን.ሲ. የተሞላ ነው። ከዐሥር ውድድር ሦስቱን አሸንፎ በሰባቱ አልጋው ውስጥ የቀረ ጎበዝ፣ በየእሑዱ እየመጣ አራተኛና አምስተኛ ከሚወጣው ሰው በታች ይሆናል። ጥቂት መጥፎ ውጤት መጣል ይፈቀዳል፤ ሰባቱን ግን የሚጥልለት የለም። ሰሌዳው እዚህ ላይ ሳይናገር የሚያስተምረው ግብረ ገብ አለ፤ መምጣት ራሱ ችሎታ ነው ይላል። በበጋ ይህን ማለት ቀላል ነው። ውኃው 5 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት ግን ቃሉ ክብደት ያገኛል።

የሰሌዳው ትልቁ ጉድለት ግን ዝምታው ነው። ነፋሱ ስንት ነበር? ከየት ነፈሰ? ውኃው ምን ያህል ቀዝቅዞ ነበር? ብዙውን ጊዜ አይጽፍም። እነዚህን ያልጻፈ ሰሌዳ የታረመውን ሰዓት እስከ ሰኮንድ ቢጽፍ ምን ይጠቅማል? ትክክለኛ መስሎ የሚታይ ግምት ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ በአሜሪካ የሚሠራበት የፖርትስማውዝ ሥርዓት ለአንድ ጀልባ እንደ ነፋሱ ብርታት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። አንድ ቁና ሳይሆን በርከት ያሉ ቁናዎች መያዝ ማለት ነው። ሥራ ይበዛል፤ ፍርዱ ግን ወደ እውነት ይጠጋል።

ሦስት ፊደላትና አንድ ነፍስ

የተቀረው ጉዳይ ከነጥብ በላይ ነው። ካታማራን ይገለበጣል። ተገልብጦም ምሰሶው ወደ ታች፣ ቀፎዎቹ ወደ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ምሰሶው ጭቃ ውስጥ ይተከላል። የወደቀው ሰው በወለሉ ጨርቅ ሥር ወይም በሽቦውና በገመዱ ሊያዝ ይችላል። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውኃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ከቁጥጥሩ ይወጣል። ሕይወት አዳኞች የሚያስተምሩት “አንድ፣ ዐሥር፣ አንድ” የተባለ ግምታዊ ሕግ አለ፤ ትንፋሽን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግር እሺ የሚሉበት ዐሥር ደቂቃ፣ በብርዱ ራስን ከመሳት በፊት አንድ ሰዓት። ውኃ የማያስገባው ሙሉ ልብስ ይህን ጊዜ ያረዝመዋል፤ ልብሱ ግን ርካሽ አይደለም። “ክለባችን ለሁሉም ክፍት ነው” የሚለው ንግግር በክረምት ይህን ወጪ መቁጠር አለበት።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የክረምት ውድድር ዙሪያ ሞተር ያላቸው የነፍስ አድን ጀልባዎች ይቆማሉ። በእነሱ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ተራ የደረሳቸው የክለቡ አባላት ናቸው። ሳይወዳደሩ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ከተወዳዳሪዎቹ ይበልጥ እየበረዳቸው ይውላሉ። ብዙ ክለቦች ለተረኛው አማካይ ነጥብ ይሰጡታል፤ መልካም ነው። ሰሌዳው ግን ስማቸውን በዚያ ቀን ታሪክ ውስጥ አያስገባውም።

የጀልባ ውድድር ዓለም አቀፍ ሕግ የሚጀምረው በመነሻ መስመርና በቅድሚያ አይደለም። የመጀመሪያው ሕግ፣ አደጋ ላይ ያለን ሰው ማንኛውም ጀልባ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ መርዳት አለበት ይላል። ለመርዳት ብሎ ቦታውን ያጣ ሰው ደግሞ ካሳ መጠየቅ ይችላል፤ በሰሌዳው ላይም “አር.ዲ.ጂ.” የሚሉ ሦስት ፊደላት ይጻፉለታል። በ1988 የሶል ኦሊምፒክ የጀልባ ውድድር በፑሳን ሲካሄድ ካናዳዊው ሎረንስ ለሚዩ ሁለተኛ ሆኖ እየነዳ ሳለ ከሌላ ውድድር የተገለበጡ ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎችን አየ። ውድድሩን ትቶ ሄዶ አዳናቸው፤ አዳኝ ጀልባ እስኪደርስም ጠበቀ። ዳኞቹ ለዚያ ውድድር የሁለተኝነት ውጤቱን መለሱለት፤ የኦሊምፒክ ኮሚቴውም የፒየር ደ ኩቤርታን ሜዳሊያ ሸለመው። የዚያን ቀን ሰሌዳ ብቻ የሚያነብ ሰው “2” የሚል ቁጥር ያያል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ሁለት ነፍስ እንዳለ ቁጥሩ አይናገርም።

በክረምት ሐይቅ ላይም፣ በአነስተኛ መጠን፣ ይህ ጉዳይ በየጊዜው በጀልበኛው ፊት ይቀርባል። አንዲት ካታማራን ተገልብጣለች፤ አዳኟ ጀልባ ሩቅ ናት፤ አንተ እየመራህ ነው። ዞረህ ትሄዳለህ ወይስ “ያዩዋቸዋል” ብለህ ታልፋለህ? የውድድሩ ጥራት የሚለካው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩ ለጀልባው የተሰጠ እንጂ ለሰው የተሰጠ አይደለም።

ፍርዴ

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የክረምቱ ካታማራን ውድድር የዳኝነት ሥርዓት ሁለት ነገር ያስመሰግነዋል። አንደኛ፣ በ1876 የተባረረችውን ጀልባ ከሌላው ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ አስቀምጧታል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ በራሱ አንደበት ያምናል፤ በየዓመቱ ይታረማል፣ ክለቦችም እንደ ውኃቸው ጠባይ እንዲያስተካክሉት ይበረታታሉ። ራሱን በየዓመቱ የሚያርም ዳኛ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚወቀሰው ደግሞ በዝምታው ነው፤ ነፋሱን፣ ብርዱን፣ አዳኙንና ተረኛውን ሳይጽፍ ሰኮንድ ይቆጥራል።

ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። በእኛ የሂስ መድረክ አጭር ልብ ወለድ በረጅሙ ቁና ሲሰፈር፣ የጀማሪ ሥራ ከአንጋፋው ሥራ ጎን ቆሞ “አነሰ” ሲባል፣ አንድ የተወደደ መጽሐፍ ለመጻሕፍት ሁሉ መለኪያ ሲሆን እናያለን። ያ መለኪያ መቼ ተቆረጠ? በማን ተቆረጠ? መቼስ ታረመ? ጠያቂው ጥቂት ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላል የአገራችን ሰው። ሃያሲ ቁናውን ከማንሣቱ በፊት የሚሰፍረው ጤፍ ይሁን ባቄላ ቢያይ፣ ከሰፈረም በኋላ “በዚህ ቁና ሰፍሬዋለሁ” ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢ ፍርዱን ባይቀበል እንኳ መመርመር ይችላል። እንግሊዞቹም በሰሌዳቸው አናት ላይ የነፋሱን ብርታት፣ የውኃውን ቅዝቃዜና የተረኞቹን ስም የሚይዝ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ሰሌዳቸው የበለጠ እውነት ይናገር ነበር።